ሮታላዬ ላዩ ጫካ፣ ታቹ ራቁቱን፤ ከየት ልቁረጠው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አኳሪየሜ (የዓሣ ማኖሪያ መስታወቴ) ውስጥ ያለው ሮታላ ሮቱንዲፎሊያ የሚባል የውሃ ተክል በደንብ አድጎ ውሃው ላይ ተኝቷል። ታች ግን ቅጠሉ ረግፎ ግንዱ ብቻ ቀርቷል። ጫፉን ብቆርጠው የቀረው መልሶ ያቆጠቁጣል? የቆረጥኩትንስ ሥር ሳያወጣ መትከል እችላለሁ?

መልስ፦
አይዞህ፣ ቁረጠው። ታቹ የረገፈው ላዩ ብርሃን ስለጋረደበት ነው። ጫፉ እስካለ ድረስ ኦክሲን የሚባል ሆርሞን ወደ ታች ስለሚልክ የጎን ቀንበጦች ታፍነው ይቆያሉ፤ ጫፉ ሲሄድ ግን ከተቆረጠበት በታች ካለው አንጓ፣ ማለትም ቅጠል ከሚወጣበት ቦታ፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ቀንበጥ ብቅ ይላል። ስለዚህ ከአንጓው ትንሽ ከፍ ብለህ ቁረጥ። መቀሱ ስለታም ይሁን። ደነዝ መቀስ ግንዱን ይጨፈልቀዋል፣ የተጨፈለቀ ደግሞ ይበሰብሳል።

ሥር አትጠብቅ። ሥሩ የሚወጣው ከአንጓ ስለሆነ የታችኞቹን ሁለት ሦስት አንጓዎች ቅጠል አንስተህ አሸዋው ውስጥ ቅበራቸው።

ሌላ መልስ፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፣ ራቁቱን ግንድ በተመለከተ ግን ዝም ብለህ አትተወው። በጣትህ ጫን አድርገህ እየው። ጠንከር ያለና አረንጓዴ ከሆነ ያቆጠቁጣል። ከለሰለሰ ወይም ከጠቆረ ንቀለው፣ ቦታውን ለአዲሶቹ ጫፎች ስጥ። እኔማ ደጋግሞ የተቆረጠ ግንድ እየደከመ ስለሚሄድ ጫፉን መትከል ይሻለኛል።

ስትተክል ደግሞ አንድ ላይ አትሰር፣ መሀል ያሉት ብርሃን አጥተው ያው ታቻቸው ይረግፋል። አንድ በአንድ፣ በረጅም ወረንጦ፣ ትንሽ ዘንበል አድርገህ አስገባ። ቀጥ አድርገህ ከተከልከው ወረንጦውን ስታወጣ አብሮ ተንሳፎ ይመጣል።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሁሉንም ዛሬውኑ ብጨርሰውስ?

መልስ፦
ተው፣ ግማሹን ብቻ። ብዙ ተክል በአንዴ ከተቆረጠ ውሃው ውስጥ ያለውን ምግብ የሚወስድለት ያጣል፣ ያኔ አልጌ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚበቅለው አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር፣ ይፈነጫል። የቀረውን አዲሱ ሲያቆጠቁጥ ትቆርጣለህ። ስትቆርጥ ፊልተሩን (የውሃ ማጣሪያውን) አጥፋ፣ ቁርጥራጩን በመረብ ልቀም፤ ካልሆነ የፊልተሩ አፍ ላይ ይሰበሰባል። የተረፈውን ደግሞ አድርቀህ ጣለው እንጂ ወንዝም ሆነ ሐይቅ ውስጥ እንዳትጨምረው፣ አደራ። አንድ አንጓ ያላት ቁራጭ እንኳ ሥር ትሰዳለች።