ያልተሟላ ቶምና ጄሪ ይሸጥ ወይስ ይቅር?

ለውይይት፦ የፊልም ኩባንያው ዋርነር ብራዘርስ በ2013 (እዚህ ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ለሰብሳቢዎች ያዘጋጀው የቶምና ጄሪ ዲስክ ሁለተኛ ቅጽ ሁለት ካርቱኖች ተቀንሰውበት ነበር፤ በጥቁሮች የሚያላግጡ ትዕይንቶች አሉባቸውና። ደንበኛው ጮኸ፣ ቅጹም ሳይወጣ ቀረ። የማን ወገን ናችሁ?

ሰብሳቢው፦ የደንበኛው! ታሪክ እንዳለ ይቀመጥ። የመጀመሪያው ቅጽ ከ1940 ጀምሮ 37 ካርቱኖችን በተራ አስቀምጦልናል። አሁን መሀሉን ጎርዶ «ግዙኝ»? ለልጅ ብሎ የሚገዛ ሌላ ዲስክ ሞልቶለታል።

እናት ነኝ፦ ወንድሜ፣ ከተቀነሱት አንዱን፣ የ1948ቱን «ማውስ ክሊኒንግ» አይተኸዋል? ጥቁሯ የቤት ሠራተኛ ቤቱን አጽድታ ቶምን «ስመለስ ቆሽሾ ካገኘሁት ትባረራለህ» ብላ ትወጣለች። ጄሪ ያቆሽሻል፣ ቶም እየተሯሯጠ ያጸዳል። እዚህ ድረስ ሆዴን ይዤ ነው የሳቅኩት። መጨረሻ ላይ ከሰል በመስኮት ገብቶ ቤቱን ይሞላዋል፤ ቶም ፊቱ ጠቁሮ ብቅ ይልና ቃሉን እየጎተተ፣ እንደ ሰነፍና ደደብ ጥቁር ያወራል። አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ልጅ ለማሳድግ ሴት ይሄ ምኑ ነው ታሪክ?

የሙዚቃ ሰው፦ እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው፤ ቀልድነቱም የወረደ ነው። ቶም የሚያስቀን ራሱ ባጠመደው ሲያዝ ነው፤ የካርቱኑ ሙዚቃ ደራሲ የስኮት ብራድሊ ኦርኬስትራም እያንዳንዷን እርምጃና ግጭት በኖታ ይከተላታል። የከሰሉ ትዕይንት ላይ ግን የሚያስቀው ምኑ ነው? ቀለሙ ብቻ። ሰባት ኦስካር የወሰደ ተከታታይ እንዲህ ሲሰንፍ ያሳፍራል። (ቶም የአቀናባሪውን የሊስትን ሙዚቃ በፒያኖ የሚጫወትበትን ያላየ ካለ ዛሬውኑ ይይ።)

ሰብሳቢው፦ አስቀያሚ ነው፣ አልካድኩም። ግን መቁረጥ ማንን እንደሚጎዳ ልንገራችሁ። በ1960ዎቹ ለቴሌቪዥን ሲባል ያቺ ጥቁር ሠራተኛ ከአንዳንዶቹ ካርቱኖች ተነቅላ በነጭ ሴት ተተካች፣ ድምጿም ተቀየረ። የመጀመሪያው ድምፅ ጥቁሯ ተዋናይት ሊሊያን ራንዶልፍ ነበረች። ለጥቁሮች ተብሎ ጥቁሯ ጠፋች!

እናት ነኝ፦ ይሄኛው ገብቶኛል፤ የእሷ ድምፅ ይመለስ። የከሰሉ ትዕይንት ግን ተለይቶ ይቀመጥ።

ሰብሳቢው፦ የዚሁ ኩባንያ ሌላ ካርቱን በሆነው በሉኒ ቱንስ የ2005 ዲስክ፣ ጥቁሯ ተዋናይት ዉፒ ጎልድበርግ መግቢያው ላይ ቀርባ ስለ ዘረኛ ቀልዶቹ አስረድታለች፤ ሳይቆረጥ ወጣ። እንደዚያ ይደረግ።

እናት ነኝ፦ ልጄ ዲስክ የት ያውቃል? ስልክ ላይ ተቆራርጦ ነው የሚደርሰው፤ መግቢያው አብሮት አይመጣም።