የኮሚክ ስክሪፕቴን ሠዓሊው «አይሳልም» አለኝ፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ (ብዕርና ወረቀት)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ22 ገጽ ኮሚክ ጽፌ አብሮኝ ለሚሠራ ጓደኛዬ ሰጠሁት። ገጽ 3 ላይ ሲደርስ «ይሄ አይሳልም» አለኝ። ፓነሉ (ገጹ ላይ ያለው አንዱ የሥዕል ሳጥን) እንዲህ ይላል፦ «ሳራ በሩን ከፍታ ትገባለች፣ ደብዳቤውን ከጠረጴዛው ታነሳለች፣ አንብባው ታለቅሳለች።» ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ደግሞስ ምን ያህል ዝርዝር ልስጠው? አንግሉን (ሥዕሉ ከየት አቅጣጫ እንደሚታይ) ሳይቀር ልጻፍ ወይስ ታሪኩን ነግሬው ልተወው?

እርሳስ በእጁ፦
እህቴ፣ ልጁ እውነቱን ነው። ፓነል የቆመ ምስል ነው። መግባት፣ ማንሳት፣ ማንበብ፣ ማልቀስ አንድ ላይ አይሳሉም። አንዱን ምረጪ። እኔ ብሆን ደብዳቤው ተከፍቶ እጇ ላይ፣ በሩ ከኋላዋ ገርበብ እንዳለ እስለዋለሁ። ገብታ እንዳነሳችው አንባቢው ራሱ ይገባዋል። ልቅሶው ለብቻው ይሁን፣ ፊቷን ቀረብ አድርጎ።

ለአንድ ገጽ አምስት ስድስት ፓነል ይበቃል። ድብድብ ካለበት ቀንሺ። ሕዝብ የሚበዛበት ቦታ ላይም አስቢበት። «መርካቶ በሰው ተጨናንቋል» ላንቺ አንድ መስመር ነው፤ ለእሱ ግን ቀኑን ሙሉ የሚያጎብጠው ሥራ ነው።

ገጽ በገጽ፦
ስለ ዝርዝሩ፣ ሁለቱም መንገድ ተሠርቶበታል። እንግሊዛዊው የኮሚክ ጸሐፊ አለን ሙር አንዷን ፓነል ለመግለጽ ብቻ ገጽ ሙሉ የሚጽፍበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአሜሪካ ኮሚክ አሳታሚ በሆነው ማርቭል ቤት ደግሞ ጸሐፊው ስታን ሊ ዋናውን ሐሳብ ብቻ ይሰጥ ነበር። ሠዓሊው ጃክ ከርቢ ታሪኩን በየፓነሉ ከፋፍሎ ይስላል፤ ንግግሩ የሚጻፈው ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ነው። ሲልቨር ሰርፈር የሚባለው ገጸ ባሕርይ የመጣው እንዲህ ነው። የሊ ሐሳብ ውስጥ አልነበረም፤ ከርቢ ስሎት መጣ።

ነገር ግን ያ አሠራር «ታሪኩን የፈጠረው ማነው?» የሚል ክርክር ወልዶ ለአሥርተ ዓመታት ዘልቋል። ስለዚህ ስማችሁ ሽፋኑ ላይ እንዴት እንደሚወጣና ገቢውን እንዴት እንደምትካፈሉ ከአሁኑ በጽሑፍ ተስማሙ። ጓደኛሞች ስለሆናችሁ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋችኋል።

ለመጀመሪያ ሥራ እኔ መሃሉን እመርጣለሁ። በየፓነሉ ምን እንደሚሆንና ገጸ ባሕርዩ ምን እንደሚሰማው ጻፊ፤ አንግሉን ለሠዓሊው ተዪለት። ለታሪኩ የግድ ካልሆነ በቀር።

ቀለም ቀቢዋ፦
ከስክሪፕት ዘላችሁ ወደ ንጹሁ ገጽ አትግቡ። መጀመሪያ 22ቱንም ገጽ በትንንሹ ይንደፋቸው፤ ገጹ መዳፍ ቢያክል ይበቃል። ያኔ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ረቂቅ ላይ ፓነል መቀየር የደቂቃ ሥራ ነው። ቀለም ካረፈበት በኋላ «አንግሉ ቢቀየርስ» ማለት ግን ግፍ ነው።

መጽሐፍ ሆኖ የሚታተም ከሆነ ደግሞ አስደንጋጩን ነገር ጥንድ ቁጥር ያለው ገጽ ላይ አድርጊው። አንባቢው የሚያየው ገጹን ሲገልጥ ነው። ጎዶሎ ቁጥር ላይ ካደረግሽው ግራውን ሳይጨርስ ዓይኑ ይሰርቀዋል። በስልክ ለሚነበብ ይሄ አያስፈልግም።

ብዕርና ወረቀት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ሦስተኛውን ገጽ ለሁለት ልከፍለው ነው። ንግግሩስ? በአንድ ባሎን (ንግግሩ የሚጻፍበት ክብ) ስንት ቃል ይግባ?

እርሳስ በእጁ፦
በእንግሊዝኛ 25 ቃል ገደማ የሚል ልማድ አለ። የእኛ ቃል ግን ረጅም ነው። «አላስታወሰችኝም» ብቻውን አንድ ቃል ነው። እኔ ከ15 ካለፈ እቆርጣለሁ። ፊደላችንም ሲያንስ ይምታታል፤ «ሉ»ን ከ«ሊ» የምትለየው ትንሽ ጭረት ናት። አንዱን ገጽ በትክክለኛው መጠን አትማችሁ ሳታዩ የፊደሉን መጠን አትወስኑ።

ቀድሞ የሚናገረው ሰው በግራ ይቁም። ለባሎኑ የሚሆነውን ቦታም ረቂቁ ላይ እያለ ይተውለት፣ ኋላ የሰው ፊት እንዳይሸፈን። ጽሑፉን ከሥዕሉ በተለየ ሌየር (በኮምፒውተር ፋይሉ ውስጥ ለብቻው በሚነሳ ንብርብር) ላይ አስቀምጡት። ነገ ወደ ሌላ ቋንቋ ብትመልሱት ሥዕሉን አትነኩትም።