«ወርሃዊ ወለድ» ብለን ጽፈን ጳጉሜን ላይ ተያዝን

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ሆነን ለአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ሲስተም እየሠራን ነው። ከውሉ ጋር ያያያዝነው የሪኳየርመንት ሰነድ (ሲስተሙ ምን መሥራት እንዳለበት የሚዘረዝረው) 4 ገጽ ነው፤ «ሲስተሙ ወርሃዊ ወለድ ያሰላል» የሚል መስመር አለው። እኛ በፈረንጆቹ ወር ሠራነው። የሒሳብ ሠራተኛዋ አየችና «ጳጉሜንስ?» አለች። እነሱ ስህተት ነው አሉ፣ እኛ አዲስ ሥራ ነው አልን፣ ክፍያው ቆመ። ጓደኛዬ አይትሪፕልኢ 830ን (የሪኳየርመንት ሰነድ አጻጻፍ መመሪያ ነው) አውርዶ ክፍሎቹን ሁሉ እንሙላ ይላል። ይረዳናል?

መልስ 1፦
830 የ1998 እትም ነው (በፈረንጆቹ)። በፈረንጆቹ 2011 ደግሞ 29148 በሚባል ሌላ መመሪያ ተተክቷል። ርዕሶቹን ማየት አይከፋም፤ ግን ጳጉሜን እዚያም የለችም 😀

መልስ 2፦
ወንድሜ፣ ቴምፕሌቱን ተወውና የሴትዮዋን ደብተር ለምነህ እይ። እኔ አሥር ዓመት አናሊስት (የደንበኛን ፍላጎት አጥንቶ ሰነድ የሚጽፍ) ሆኜ ስሠራ የጠቀመኝ በቁጥር የተሠራ ምሳሌ ነው። 10,000 ብር በዓመት 12 በመቶ ተበደሩ እንበል። ለ12 እኩል ከተካፈለ በወር 100 ብር ነው፤ ጳጉሜን ነፃ ናት። በቀን ከሆነ ለ365 ተካፍሎ የ30 ቀኑ 98.63፣ የጳጉሜን 5 ቀን ደግሞ 16.44 ይመጣል። ሁለቱም «ወርሃዊ» ይባላል! የትኛው እንደሆነ ከነምሳሌው ጻፉና ይፈርሙበት። ጳጉሜን 6 ስትሆን ለ365 ነው ለ366 የሚካፈለው? እሱንም ጠይቁ።

ስምም አትርሱ። እኛ ጋ አንዷ አባል «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ተብላ ሁለት ሒሳብ ተከፍቶላት ነበር። ሰነዱ «በስም መፈለግ ይቻላል» ብቻ ነበር የሚለው። የጻፍኩትም እኔው ነኝ።

መልስ 3፦
ክፍያውን በተመለከተ፣ ቃሉ አሻሚ ከሆነ ጥፋቱ የሁለታችሁም ነው። ግማሽ ግማሽ ተነጋገሩ።

ጠያቂ፦
እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ሄጄ ደብተሩን አየሁት። ካልሽው ከሁለቱም አይደለም፤ ጳጉሜንን ከነሐሴ ጋር ደምራ ነሐሴን 35 ቀን አድርጋዋለች! በአንቺ ምሳሌ የነሐሴ ወለድ 115.07 ይሆናል ማለት ነው። ሠንጠረዡን ሠርተን ሰነዱ ላይ አስገባነው፣ እሷም ሥራ አስኪያጁም ፈረሙ። ስድስተኛዋን ቀን ስጠይቃት ግን ዝም ብላ ቆየችና «ለቦርዱ አቀርበዋለሁ» አለች።