የገበያ ቅጠል ላብራቶሪ ይግባ ወይስ ይቅር?

አወያይ፦ ትናንት ሸዋ ሮቢት ገበያ «ለወባ» ተብሎ የሚሸጥ የቅጠል ድብልቅ ፎቶ እዚህ ተለጥፎ ነበር። ላብራቶሪ ሳይፈትሸው ይሸጥ? ተከራከሩ።

የመንዝ ልጅ፦ ይሸጥ እንጂ! አያቶቻችን ኮሶ የጠጡት ማን ፈትሾላቸው ነው?

ላብ ሠራተኛዋ፦ ኮሶ ትሉን ያወርዳል፣ እውነት ነው። ሲበዛ ዓይን ይጎዳል፣ ይሄም እውነት ነው። ልኩን የሚነግርህ ፍተሻ ነው።

የመንዝ ልጅ፦ እሺ እቴ፣ ምኑን ነው የምትፈትሹት?

ላብ ሠራተኛዋ፦ የወባው ተውሳክ በሰው ቀይ የደም ሴል ውስጥ ይራባል። 96 ትንንሽ ጉድጓድ ባለው ሳህን ላይ ይከፋፈላል። ጭማቂው ከወፍራም እስከ ቀጭን ይጨመርበታል። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ እድገቱን በግማሽ የቀነሰው መጠን የትኛው እንደሆነ ይታያል። ያው ጭማቂ ለጤነኛ ሴልም ይሰጣል። በረኪናም እኮ ተውሳኩን ይገድላል! ከዚያ አይጥ አለ። ሰው ጋ ለመድረስ ገና ነው።

አንኮበሬው፦ ላብራቶሪም ይስታል እኮ። የቻይናዋ ቱ ዩዩ ለወባ የሞከረችው ቅጠል መጀመሪያ ላይ ውጤቱ የማያስተማምን ነበር። ጥንታዊ መጽሐፍ ስታይ ግን ቅጠሉ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይጨመቃል እንጂ ይፈላል አይልም። ሙቀቱን ቀንሳ በኤተር፣ በትንሽ ሙቀት በሚተን ፈሳሽ፣ አወጣችው። በ1971 እ.ኤ.አ. አይጦቹ ላይ ሙሉ በሙሉ ሠራ። በ2015 እ.ኤ.አ. ኖቤል ወሰደች። ስለዚህ ሳህኑ ከመዘጋጀቱ በፊት አዋቂው ይጠየቅ። እንዴት ነው የምታዘጋጀው? ትኩስ ነው ደረቅ?

ላብ ሠራተኛዋ፦ እዚህ ላይ ጋሼ ልክ ነዎት። እኛ አንዳንዴ ቅጠሉን ብቻ ተቀብለን እንሮጣለን።

የመንዝ ልጅ፦ ከተናገረስ በኋላ? እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ አስተዋለ። ኋላ አሜሪካ ውስጥ አንድ ዩኒቨርሲቲ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት ወረቀት) አወጣበት።

አንኮበሬው፦ የማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ አለ፣ 482/1998። አዋቂው ግን አዋጁን መች አየው?

አወያይ፦ እኔ ሻጩ ጋ ደወልኩ። ያፈላዋል። ምን ምን እንደገባበት ግን «ከልጄ በቀር ለማንም» ብሎ ዘጋኝ። ስለ ላብራቶሪው ስነግረው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ «ከሠራ ወረቀቱ በእኔ ስም ነው የሚወጣው?»

ላብ ሠራተኛዋ፦ ይሄንን እኔም አለቆቼን ልጠይቅ።