የሶላር ባትሪ ከዱባይ ወደ አዲስ አበባ መላክ አቃተኝ፣ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ ካርጎ ላይ የምትሠሩ ካላችሁ እባካችሁ መላ በሉኝ። እናቴ ቤት መብራት በጠፋ ቁጥር ስልኳ ስለሚዘጋባት 12.8 ቮልት፣ 100 አምፒር-አወር የሊቲየም ባትሪ ገዛሁላት። ካርጎ ቤት ስወስደው ልጁ ካርቶኑን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና «ይሄ አደገኛ ዕቃ ነው፣ ምልክትም የለውም» ብሎ መለሰልኝ።

አንብቤ የገባኝ እንዲህ ነው። ባትሪ ብቻውን ሲላክ የአደገኛ ዕቃ መለያ ቁጥሩ ዩኤን 3480 ነው፤ በፈረንጆቹ ከ2016 ጀምሮ በመንገደኛ አውሮፕላን እንደ ካርጎ አይጫንም፣ በጭነት አውሮፕላን ብቻ፣ ያውም ቻርጁ ከ30 በመቶ ሳይበልጥ። የኔው ደግሞ 1280 ዋት-አወር ነው፣ ደንቡ የሚቀልለት እኮ እስከ 100 ዋት-አወር ያለው ነው! ባለሱቁን የዩኤን 38.3 የፍተሻ ማጠቃለያ (ባትሪው የደህንነት ፍተሻ ማለፉን የሚያሳይ ወረቀት) ስጠይቀው ሳቀብኝ።

ወረቀቱን ፋብሪካው ለእንደኔ ላለ ተራ ገዢ ይሰጣል? ከኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን መብራት ከሚቀይረው መሣሪያ) ጋር አንድ ላይ ባሽገው ቁጥሩ 3481 ይሆናል፣ ያ ይሻለኛል? በጅቡቲ በኩል በመርከብስ? እዚያም 9ኛ ክፍል አደገኛ ዕቃ ነው አሉኝ። አንዱ ጓደኛዬ «መለዋወጫ ብለህ ላከው» አለኝ፣ ኧረ ይቅርብኝ፣ ሰማይ ላይ እሳት ቢነሳስ? የላካችሁ ካላችሁ ከየት ጀመራችሁ?