የ30 ዓመት ሞርጌጅ (የቤት ብድር) ቶሎ መጨረስ፦ ተጨማሪው 400 ዶላር ከየት ይምጣ፣ እንዴትስ ይላክ?

የሜሪላንዷ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ታውንሃውስ በ400,000 ዶላር ገዝተናል። ዳውን ፔይመንት (ቅድመ ክፍያ) 5 በመቶ ነው የከፈልነው። ብድሩ 380,000፣ ወለዱ 6.75 በመቶ ፊክስድ (የማይለዋወጥ)፣ 30 ዓመት፣ ኮንቬንሽናል (የመንግሥት ዋስትና የሌለው)። የመጀመሪያው ክፍያ በሚመጣው ወር ነው። በወር 3,145 ይወጣል፦ ዋናውና ወለዱ 2,465፣ የቤት ታክስ 370፣ ኢንሹራንስ 120፣ ፒኤምአይ (ቅድመ ክፍያችን ስላነሰ ለአበዳሪው መድን የምንከፍለው) 190።

ገቢያችን፦ የእኔ ደመወዝ ተቆራርጦ በየሁለት ሳምንቱ 2,050። ባለቤቴ ኡበር ይሠራል፤ ከነዳጅ በኋላ በአማካይ 3,600፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ 2,600። ከቤቱ ሌላ ያለው ወጪ፦ ዴይኬር 900፣ አስቤዛ 950፣ መኪና ከነኢንሹራንሱ 730፣ መብራት፣ ውሃ፣ ስልክ፣ ኢንተርኔትና ኤችኦኤ (የሰፈሩ ቤቶች ማኅበር መዋጮ) 520፣ አገር ቤት የምንልከው 300፣ ዕድርና ቤተ ክርስቲያን 100፣ ዕቁብ 500 (20 ሰው ነን፣ 10,000 ነው የሚወጣው፣ ለእኛ ገና ነው)። ድምሩ 7,145። በወረቀት 555 ይተርፋል፤ ወሩ ሲያልቅ ግን የለም። ባንክ 6,000 አለን፣ ክሬዲት ካርድ ላይ ደግሞ 3,800 ዕዳ በ24 በመቶ።

በወር 400 ብንጨምርበት ስንት ዓመት ይቀንሳል? «በየሁለት ሳምንቱ ክፈሉ» የሚል ደብዳቤም መጥቶልናል፤ ይጠቅማል? ዕቁቡ ሲወጣስ በሙሉ ቤቱ ላይ ብናውለው?

ቁጥር ወዳድ

እንኳን ለቤታችሁ አበቃችሁ። ከሒሳቡ እንነሳ።

የመጀመሪያው ወር ክፍያ 2,464.67 ነው። ከዚህ 2,137.50ው ወለድ ሲሆን ከዕዳው ላይ የሚነሳው 327.17 ብቻ ነው። ወለዱ በየወሩ የሚታሰበው በቀረው ዕዳ ላይ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ የሚገባ ተጨማሪ ገንዘብ ጉልበቱ ሌላ ነው። በመጀመሪያው ወር የገባ 1,000 ዶላር 6,500 ያህል ወለድ ያድናል፤ መጨረሻ ላይ ሦስት ወር ክፍያ ያስቀራል ማለት ነው። ያው 1,000 ከ15 ዓመት በኋላ ቢገባ የሚያድነው 1,745 ገደማ ነው።

በየወሩ 400 ከጨመራችሁ ብድሩ በ245 ወር ያልቃል፤ 20 ዓመት ከ5 ወር መሆኑ ነው። ወለዱ ከ507,000 ገደማ ወደ 320,000 ይወርዳል። 10,000 ዶላር አሁን አንድ ጊዜ ብቻ ገብቶ ሌላ ምንም ባይጨመር 28 ወር ይቀንሳል።

ስለ ደብዳቤው፦ የክፍያውን ግማሽ በየሁለት ሳምንቱ መክፈል በዓመት 26 ግማሽ፣ ማለትም 13 ሙሉ ክፍያ ነው። የሚጠቅመው 13ኛው ክፍያ ብቻ ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም። 2,465ን ለ12 አካፍላችሁ በየወሩ 205 ብትጨምሩ ውጤቱ ያው ነው፣ 24 ዓመት ይሆናል። ደብዳቤውን የላከው ብድሩን የሚሰበስበው ኩባንያ ካልሆነ ጣሉት። እንዲህ ያሉ አስከፋዮች መመዝገቢያና የአገልግሎት ክፍያ ይወስዳሉ፤ ግማሹንም ሌላው ግማሽ እስኪደርስ እነሱ ጋ ያቆዩታል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ፒኤምአይ ነው። ዕዳው ከተገዛበት ዋጋ 80 በመቶ፣ በእናንተ 320,000፣ ሲደርስ በጽሑፍ ጠይቃችሁ ማስነሳት ትችላላችሁ። ሳይጨመርበት እዚያ ለመድረስ 127 ወር ይፈጃል፤ 400 ሲጨመር 68 ወር። ልዩነቱ 59 ወር በ190 ሲባዛ 11,210 ዶላር ነው። 78 በመቶ ሲደርስ በሕግ በራሱ ይነሳል፤ ግን ያ የሚታየው ብድሩ ሲጀመር በወጣው የክፍያ ሠንጠረዥ ቀን ነው እንጂ እናንተ ቀድማችሁ በደረሳችሁበት ቀን አይደለም። ዝም ካላችሁ ቀድማችሁ ደርሳችሁም ፒኤምአዩን እየከፈላችሁ ትቀጥላላችሁ። ስትጠይቁ ባለፉት 12 ወራት 30 ቀን ያለፈ ክፍያ እንዳይኖርባችሁ።

የቤት ሒሳብ

እህቴ፣ 555ቱ የማይገኘው ስለሌለ ነው። የኡበሩ ታክስ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ወይስ ለብቻ ታስቀምጣላችሁ?

የሜሪላንዷ

አናስቀምጥም። ሚያዝያ ላይ በአንዴ ነው የምንከፍለው፤ የካርዱም ዕዳ አብዛኛው ከዚያ የመጣ ነው።

የቤት ሒሳብ

እንግዲያው በወር ሳይሆን በዓመት አስቡት። ያንቺ ደመወዝ በዓመት 26 ጊዜ ነው የሚገባው፤ 53,300። ኡበሩ 43,200። ድምር 96,500። ወጪው 7,145 በ12፣ 85,740። የሚተርፈው 10,760 ነው። ከኡበሩ 15 በመቶ ለታክስ ቢነሳ 6,480 ይሄዳል፤ 4,280 ይቀራል። ለፋሲካ፣ ለገና፣ ለጎማ፣ ለሠርግና ለለቅሶ፣ አገር ቤት መሄጃ ቲኬት የሚሆነው ይኸው ብቻ ነው።

15 በመቶው ሊበቃ የሚችለው ማይል በየቀኑ ከተመዘገበ ነው። ለ2025 በማይል የሚቀነሰው 70 ሳንቲም ነበር። በዚያ ልክ 30,000 ማይል ለሥራ ከተነዳ 21,000 ዶላር ከታክስ ስሌቱ ይወጣል፤ ካልተመዘገበ አይወጣም። በማይል ከቀነሳችሁ ነዳጁን ደግማችሁ አትቀንሱም። ክፍያው ደግሞ እስከ ሚያዝያ አይጠበቅም፦ ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 እና ጃንዋሪ 15 ነው። ሲዘገይ ቅጣት አለው።

አሠራሩ ይህ ነው። ሦስት አካውንት ክፈቱ። አንዱ የታክስ፦ የኡበር ገንዘብ በገባ ቁጥር 15 በመቶው በዚያው ቀን ይተላለፍ፣ የወሩ መጨረሻ አይጠበቅ። ሁለተኛው የዓመት ወጪ፦ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ የሚመጣውን ሁሉ ጽፋችሁ ለ12 አካፍሉና በየወሩ አስገቡ። ለምሳሌ በየሁለት ዓመቱ ለቲኬት 6,000 ከሆነ በወር 250 ነው። ሦስተኛው የዘወትር ወጪ። በጀቱን በ3,600 አታውጡ፣ በ2,600 አውጡት፤ ከዚያ በላይ የገባው የዓመቱን አካውንት ይሙላ። ብዙ ቤተሰብ በጀቱ የሚፈርስበት እዚህ ጋ ነው፤ በጥሩ ወር ልክ ወጪ ይወጣና በቀዝቃዛው ወር ካርድ ይመዘዛል።

በዓመት ሁለት ወር ላይ ሦስት ቼክ ይደርስሻል። ኑሮውን በሁለት ቼክ ካደረግሽው ሁለቱ ትርፍ ቼኮች 4,100 ናቸው። የዘንድሮዎቹ በቀጥታ ወደ ካርዱ ይሂዱ፤ 3,800ው ይዘጋል። 24 በመቶ እየከፈሉ 6.75ቱን ለማቅለል መሮጥ ኪሳራ ነው። ዘንድሮ እንግዲህ ጠበብ ይላል፣ ቲኬትም አይኖርም።

ታዲያ 400ው የታለ? ዕቁቡ ውስጥ ነው። በወር 500 ከእጃችሁ ወጥቶም መኖር ችላችኋል። ሌላ 400 ከአስቤዛ ለመጭመቅ አትድከሙ።

ሰብሳቢው

በዕቁቡ እስማማለሁ፤ «በሙሉ ቤቱ ላይ» በሚለው ግን አልስማማም።

ዕቁብ ወለድ የለውም። ቀድሞ የደረሰው ያለ ወለድ ተበደረ፣ መጨረሻ የደረሰው አበደረ። 10,000ውን በመጀመሪያው ዙር አግኝቶ ቤቱ ላይ መክፈል፣ 500 እያሉ ለ20 ወር በቀጥታ ከመክፈል ጋር ሲነጻጸር በ6.75 በመቶ 530 ዶላር ገደማ ይበልጣል። የመጨረሻው ዙር ከሆነ ያንኑ ያህል ያሳጣል። ትልቅ ገንዘብ አይደለም፤ ዕቁብ ጥቅሙ ገንዘቡን ከእጅ ማራቁ ነው። ተራ መለዋወጥ የሚፈቀድበት ዕቁብ ከሆነ ግን ለመቅደም ጠይቁ።

ችግሩ ከወጣ በኋላ ነው። በሦስተኛው ዙር ቢደርሳችሁ ገና 17 ጊዜ 500 ትከፍላላችሁ፣ ዋስም አስይዛችኋል። የኡበሯ መኪና ማርሽ ብትበላ ቤት ውስጥ የገባው 10,000 በኤቲኤም አይወጣም። ለማውጣት ሌላ ብድር መጠየቅ ነው፤ እሱም ገቢ በቀነሰበት ሰዓት አይሰጥም። ሞርጌጅ ደግሞ ቀድማችሁ ብዙ ስለከፈላችሁ የዚህን ወር አይምርም፤ 3,145ቱ በቀኑ ይፈለጋል። ያለዕቁቡ የወር ወጪያችሁ 6,645 ነው፣ ባንክ ያለው 6,000 አንድ ወር እንኳ አይሞላም። ከዚህኛው ዕቁብ 7,000 ወደ መጠባበቂያ፣ 3,000 ወደ ቤቱ። 13,000 ሲሆን ሁለት ወር ያህል ይሸፍናል። የሚቀጥለው ዕቁብ በሙሉ ቤቱ ላይ ይዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ትልልቅ ዕቁብ ላላችሁም ይሠራል። በአንድ ቀን ከ10,000 በላይ ጥሬ ገንዘብ ሲገባ ባንኩ ሪፖርት ይጽፋል። የተለመደ ነው፤ በዚህ የተነሳ ታክስ አይጨመርባችሁም። ሪፖርቱን ለመሸሽ ብሎ 4,000፣ 4,000 እያሉ ማስገባት ግን ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። የዕቁቡን ዝርዝርና የከፈላችሁበትን መዝገብ ያዙ።

ሥራ ቦታሽ 401ኬ (የጡረታ ቁጠባ) ላይ ማች የሚያደርግ፣ ማለትም አንቺ ስታስገቢ እሱም የሚጨምር ከሆነም ከቤቱ በፊት እሱን ሙሉ።

ክሎዚንግ ጠረጴዛ

ገንዘቡ ተገኝቶም በአላላክ የሚበላሸው ብዙ ነው።

በመጀመሪያ የክሎዚንግ ዲስክሎዠሩን (ቤቱን ስትገዙ የተሰጣችሁን የብድር ዝርዝር) የመጀመሪያ ገጽ ተመልከቱ። «ፕሪፔይመንት ፔናልቲ» በሚለው ትይዩ «ኖ» ካለ ቀድሞ መክፈል ቅጣት የለውም። ዛሬ የተለመደው ብድር የለውም፤ ቢሆንም አንብቡት።

ከዚያ፣ ተጨማሪው የወሩ መደበኛ ክፍያ ከተመዘገበ በኋላ ወይም አብሮት ይላክ፤ ዌብሳይቱ ላይ «አዲሽናል ፕሪንሲፓል» (በዋናው ዕዳ ላይ ተጨማሪ) በሚለው ሳጥን። ሳይገለጽ የተላከ ገንዘብ ሦስት ቦታ ሊገባ ይችላል፦ የሚመጣው ወር ክፍያ ተደርጎ ይያዛል፣ ኢስክሮው (የቤት ታክሱና ኢንሹራንሱ የሚጠራቀምበት) ውስጥ ይገባል፣ ወይም ሙሉ ክፍያ አልሆነም ተብሎ ሳይመዘገብ ይቀመጣል። ሦስቱም እንዳሰባችሁት ገንዘቡን በሙሉ ወዲያው ከዕዳው ላይ አያነሱም። በሦስተኛው ቀን ገብታችሁ ቀሪ ዕዳውን እዩ። የመጀመሪያው ወር ክፍያ ከ400 ጋር ከሄደ ከ380,000 ወደ 379,272.83 መውረድ አለበት። ካልወረደ ደውላችሁ «ወደ ፕሪንሲፓል አዙሩልኝ፣ ቀኑንም ወደ ኋላ መልሱልኝ» በሉ፤ ከተቻለ በዌብሳይቱ መልእክት ይሁን፣ ጽሑፉ ይቀራል።

ባንካችሁ በየወሩ በራሱ በሚልከው ቢል ፔይ 3,145ንና 400ውን ደምራችሁ 3,545 ብላችሁ አስራችሁ አትተዉት። ሜሪላንድ ውስጥ ሻጩ የነበረው የሆምስቴድ ታክስ ክሬዲት (የቤት ታክስ እንዳይዘል የሚገድበው) ለገዢ አይተላለፍም፤ በአዲሱ የታክስ ዓመት፣ ከጁላይ 1 ጀምሮ፣ የቤት ታክሱ ሊዘል ይችላል። ኢስክሮው ሲጎድል ወርሃዊው 3,145 የነበረው 3,215 ቢሆን 70ው ከ400ዋችሁ ላይ ይቆረጣል፣ ማንም አይነግራችሁም። ተጨማሪውን ለብቻው ላኩ። የሆምስቴድ ማመልከቻውንም አሁኑኑ ለስቴቱ የታክስ ግምት ቢሮ አስገቡ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ነፃ ነው። ታክስ የሚታሰብበት ግምት በየዓመቱ ከተወሰነ መቶኛ በላይ እንዳያድግ ይገድባል።

ብድሩ ወደ ሌላ ሰብሳቢ ኩባንያ ሲሸጥ አውቶ ፔዩም ተጨማሪውም አብረው እንዲሻገሩ አትጠብቁ። በመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት በስህተት ለድሮው በሰዓቱ ብትከፍሉ ለአዲሱ እንደዘገየ አይቆጠርም፤ ግን የመጨረሻውን ቀሪ ዕዳ የሚያሳይ ስቴትመንት አውርዳችሁ አስቀምጡ።

ሪካስት የሚሉት ደግሞ ሌላ ነው፦ ትልቅ ገንዘብ አስገብታችሁ ወርሃዊው ክፍያ እንዲቀንስ ማድረግ። ዓመቱ አይቀንስም። በጥቂት መቶ ዶላር ይሠራል፤ ለኤፍኤችኤ (መንግሥት ዋስ ለሚሆንበት) ብድር አብዛኛውን ጊዜ የለም። ገቢው ለሚዋዥቅ ቤተሰብ አንዳንዴ ከሁሉም ይሻላል።

የሜሪላንዷ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ባለቤቴ «ወለዱ ከታክስ ይቀነሳል፣ ለምን እንቸኩላለን» ይላል። ደግሞ ልጃችን ከሦስት ዓመት በኋላ ኪንደርጋርተን ትገባለች፤ የዴይኬሩን 900 ብንጨምረውስ?

ቁጥር ወዳድ

የመጀመሪያው ዓመት ወለድ 25,500 ገደማ ነው። ለ2025 ባልና ሚስት አብረው ሲሞሉ ያለ ማስረጃ የሚቀነሰው (ስታንዳርድ ዲዳክሽን) 31,500 ነበር፤ ወለዱ የሚቀነሰው በእሱ ምትክ ስለሆነ ብቻውን አይደርስበትም። የቤት ታክሱና የስቴት ገቢ ታክሱ ሲደመሩ ጥቂት ሺህ ቢያልፍ ነው፤ የሚያተርፈውም ጥቂት መቶ ዶላር። ወለዱ በየዓመቱ ስለሚቀንስ ይህም ይሳሳል።

ዴይኬሩ ነው ትልቁ ዕድላችሁ። ሦስት ዓመት በ400 ከሄዳችሁ ዕዳው 351,000 አካባቢ ይደርሳል። ከዚያ 1,300 ብታደርጉት 133 ወር ይቀራል፤ ጠቅላላው 14 ዓመት ከአንድ ወር። ሰብሳቢው እንዳሉት መጠባበቂያው ከቀደመ ቀኑ ትንሽ ይገፋል። ከትምህርት በኋላ የሚጠብቃት ሰው ክፍያና የበጋውን ካምፕ ግን ከ900ው ላይ ቀንሱ፤ ምናልባት 500 ነው የሚተርፈው። የቀረውን የመጨረሻው የዴይኬር ክፍያ በወጣበት ወር ላይ አውቶማቲክ አድርጉት፣ አንድ ወር እንኳ በዘወትሩ አካውንት ካደረ አስቤዛው ይበላዋል።