ጥያቄ፦ አላያ የሚባለውን የድሮ የሃዋይ የእንጨት ሰርፍ ቦርድ ቤት ውስጥ እንዴት እንሥራ?

የሳንዲያጎዋ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 15 ዓመቱ ነው፤ ሰርፍ ከጀመረ ቆይቷል። አሁን ደግሞ ሃዋዮች ድሮ የሚንሸራተቱበትን፣ አላያ የሚባለውን ስስ የእንጨት ቦርድ ጋራዥ ውስጥ አብረን እንሥራ ብሎ ይዞኛል። እኔም ደስ ብሎኛል። መጋዝ፣ የእጅ መላጊያ እና የኤሌክትሪክ ማለስለሻ አለን፤ ከየት እንደምንጀምር ግን ግራ ገብቶናል። የቱን እንጨት እንግዛ? ውፍረቱ ስንት ይሁን? ፋይበርግላስ ይለበሳል? ከሥሩ ክንፍ ያስፈልገዋል? አንድ ሱቅ ሴዳር ውሰዱ ብሎናል። ልጄ 60 ኪሎ ነው። የምታውቁ እባካችሁ ተባበሩን።

ከሆኖሉሉ፦
እህቴ፣ ጥሩ ሐሳብ ነው። መጀመሪያ ዓይነቱን ለዩ። ድሮ ሃዋይ ውስጥ ሁሉም ቦርድ አንድ አልነበረም። ፓይፖ አጭር ነው፤ በሆድ ተኝተው ነው የሚሄዱበት። አላያ ስስና መካከለኛ ነው፤ ተራውም ሰው፣ ሴቱም ልጁም ይጠቀምበት ነበር። ኦሎ ግን የአለቆች ነው፤ ከ4 ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ወፍራምና ከባድ ነው። ኦሎን ለጊዜው ተዉት።

እዚህ ቢሾፕ ሙዚየም ውስጥ የልዕልት ካዩላኒ አላያ አለ። ርዝመቱ 2 ሜትር ከ20 ገደማ ነው። አፍንጫው ክብ፣ ጅራቱ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ነው። ክንፍ የሚባል ነገር የለውም። ቦርድ ላይ ክንፍ የገጠመው ቶም ብሌክ ነው፤ እሱም በ1935 እንደ ፈረንጆቹ። ስለዚህ የድሮውን ከፈለጋችሁ ክንፍ አታስገቡ። ሞገዱን የሚይዘው ጠርዙ ነው።

እንጨቱ ድሮ ኮአ፣ ኡሉ (የዳቦ ፍሬ ዛፍ) እና ዊሊዊሊ ነበር። ኮአ የእኛ ግራር ዘመድ ነው፤ ዊሊዊሊ ደግሞ የኮርች። ዛሬ ሰፊ የኮአ ጣውላ ዋጋው አይቀመስም። ዊሊዊሊን ደግሞ ከ2005 ጀምሮ አንዲት ትንሽ ተርብ ክፉኛ ጎድታዋለች፤ እሱን አትፈልጉ።

አንድ ነገር ለልጅሽ ንገሪው። ድሮ ቦርድ ሠሪው ዛፉን ከመቁረጡ በፊት ኩሙ የሚባል ቀይ ዓሣ ከግንዱ ሥር ያስቀምጥ ነበር። ዛፉ ከወደቀ በኋላ ሥሩ አጠገብ ጉድጓድ ይቆፍርና ጸሎት አድርሶ ዓሣውን እዚያ ይቀብረዋል። ከዚያ በድንጋይ መጥረቢያ ጠርቦ፣ በኮራልና በሻካራ ድንጋይ ፍቆ፣ በኩኩይ ፍሬ ጥላሸት አጥቁሮ፣ በዘይት ያሸዋል። ይህን የምነግርሽ ሥርዓቱን እንድትደግሙ አይደለም። የማን ሥራ እንደሆነ አውቆ ቢጀምረው ጥሩ ነው ብዬ ነው።

ወንድም ከሲድኒ፦
እንጨቱን በተመለከተ ፓውሎውኒያ ግዙ። አላያ በ2000ዎቹ እንደገና የተነሣው በአብዛኛው በዚህ እንጨት ነው፤ እዚህ አውስትራሊያ፣ ኑሳ ውስጥ ቶም ዌግነር የሚባል ቦርድ ሠሪ ብዙ ሠርቶበታል። ፓውሎውኒያ በጣም ቀላል ነው፤ ኮአ በእጥፍ ይከብደዋል። ጨዋማ ውሃም ቶሎ አይመጥጥም። ለዚህ ነው ፋይበርግላስ የማያስፈልገው፤ ዘይት ይበቃዋል።

ሴዳርም ይሆናል። ግን የቀዩ ሴዳር ብናኝ አስም የሚቀሰቅስባቸው ሰዎች አሉ። እሱን ከመረጣችሁ ጥሩ ማስክ አድርጉ፣ የጋራዡን በርም ክፈቱ። ሬድውድም ታሪክ አለው፤ በ1885 ሦስት የሃዋይ መሳፍንት ሳንታ ክሩዝ ላይ የተንሸራተቱት እዚያው ካሊፎርኒያ በተሰነጠቀ ሬድውድ ነው። ግን ከፓውሎውኒያ ይከብዳል።

ለ60 ኪሎ ልጅ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ10፣ ወርዱ 43 ሴንቲ፣ ውፍረቱ 1.8 ሴንቲ አድርጉት። ጅራቱ ላይ ወርዱ ወደ 30 ሴንቲ ይጥበብ። በጣም ሰፊው ቦታ ከመሃል ትንሽ ወደ አፍንጫ ይሁን።

ቅርጹን በአንድ ጎን ብቻ ካርቶን ላይ ሳሉና ቁረጡት። ጣውላው መሃል ላይ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። ካርቶኑን አንድ ጊዜ በግራ፣ ገልብጣችሁ ደግሞ በቀኝ አድርጋችሁ ሳሉ። ሁለቱንም ጎን በእጅ ከሣላችሁ እኩል አይመጣም።

አሁን ዋናው ነገር ጠርዙ ነው። ከጅራቱ ጀምሮ ወደ ፊት እስከ 60 ሴንቲ ድረስ የታችኛው ጠርዝ ስል ይሁን፤ በጣት ስትነኩት መያዝ አለበት። ከዚያ ወደ አፍንጫው እየሄደ ቀስ በቀስ ይለዝብ። የላይኛውን ጠርዝ ግን ከዳር እስከ ዳር አክብቡት፤ አለዚያ ሆድና ጭን ይልጣል። አፍንጫውን ከሥር በኩል ትንሽ ወደ ላይ ላጉት፣ ውሃ ውስጥ እንዳይሰካ። ዛሬ የሚሠሩት ብዙዎቹ አላያዎች ከሥር፣ ወደ ጅራቱ አካባቢ፣ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ጎድጎድ ይላሉ። ጉድጓዱ ውሃውን ወደ ኋላ ይመራዋል፣ ቦርዱም ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ይረዳል። ቀጥ ያለ ብረት አጋድማችሁ በመሃሉ የሚያልፈውን ብርሃን እያያችሁ ላጉ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

አናጢው ከመርካቶ፦
ልጄ፣ እንደምን አለሽ። ስለ ባሕሩ ሌሎቹ ይንገሩሽ፤ እኔ ስለ እንጨቱ ልንገርሽ። 43 ሴንቲ ወርድ ያለው አንድ ወጥ ጣውላ ብታገኚም አትግዢ፣ ይጎብጣል። ሦስት ወይም አራት ጠባብ ጣውላ አጋጥሙ። የጫፋቸውን የዕድሜ ቀለበት ተመልከቺ፤ አንዱ ወደ ላይ ከጎበጠ ቀጣዩን ወደ ታች አድርጊው። ሲጣመም እርስ በርሱ ይያያዛል። ጉጥ ያለበትን ጣውላ ጠርዝ ላይ አታግቢ።

ተራው ነጭ ኮላ የባሕር ውሃ አይችልም። ኤፖክሲ ወይም ውሃ የሚችል ፖሊዩሪቴን ተጠቀሙ። ማጥበቂያውን አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች እያፈራረቃችሁ እሰሩ፤ ሁሉንም ከላይ ካሰራችሁ ጣውላው ይቀስታል። ኮላው ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይቆይ። ብርጭቆ ወረቀቱ ከ80 ይጀምር፣ በ120 ይቀጥል፣ በ180 ይጨረስ። ሁልጊዜ በእንጨቱ መስመር እሹ።

ዘይቱ የተልባ ዘይት ነው። ለመጀመሪያው ቅብ ግማሽ በግማሽ ከተርፐንታይን ጋር ቀላቅሉት፣ እንጨቱ ውስጥ ይግባ። የሁለቱ ጫፎች ቁራጭ ከሌላው ይልቅ ይጠጣል፤ ደጋግማችሁ አጠጡት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተረፈውን በጨርቅ ጥረጉ።

ጨርቁን አደራ። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ ራሱ ይሞቅና ክብሪት ሳይነካው ይነዳል። ጋራዥ በዚህ ተቃጥሏል። ውጭ አንድ በአንድ ዘርግተሽ አድርቂው፣ ወይም ውሃ በሞላበት ቆርቆሮ ውስጥ ንከሪው። ልጁም ይህን ይወቅ።

ከኔታንያ፦
ሰው የሚያንሳፍፈው የቦርዱ ይዘት ነው፤ በሊትር ይለካል። አላያው ስስ ስለሆነ ይዘቱ ከ14 እስከ 15 ሊትር ብቻ ነው። ለጀማሪ የሚሸጠው የስፖንጅ ቦርድ ብዙ ጊዜ ከ70 ሊትር ይበልጣል። ስለዚህ ልጁ ቢተኛበትም ውሃ ውስጥ ነው የሚሆነው፣ መቅዘፉም ይከብዳል። መጀመሪያ በሆዱ ተኝቶ፣ የመዋኛ ክንፍ እግሩ ላይ አድርጎ፣ የተሰበረው ነጭ ሞገድ ላይ ይለማመድ። ሰው የበዛበት ቦታ አይውሰደው። እንጨት ነው፣ ጠርዙም ስል ነው፤ ከእጁ ካመለጠ ሰው ይጎዳል።

እኔ ብሆን ፓይፖ አስቀድም ነበር። 9 ሚሊ የባሕር ኮምፔንሳቶ፣ ርዝመት 1 ሜትር ከ10፣ ወርድ 48 ሴንቲ። ቅዳሜ ተቆርጦ ተልጎ ያልቃል። የኮምፔንሳቶ ጠርዝ ግን ውሃ ስለሚጠጣ በኤፖክሲ በደንብ ይደፈን። ልጁ መጋዝና መላጊያውን የሚለምድበት ይሆናል፣ በእንጨት ቦርድ መሄድንም ይቀምሳል።

የሳንዲያጎዋ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ! ሁሉንም ለልጄ አነበብኩለት። ፓይፖውን በኮምፔንሳቶ እንጀምራለን፣ ለአላያው ፓውሎውኒያ እናዛለን። ጋሼ አናጢው፣ አንድ ጥያቄ ቀርታኛለች። ዘይቱ ደርቆ ባሕር መግባት እንደሚችል በምን እናውቃለን?

አናጢው ከመርካቶ፦
መዳፍሽን ጫኚበት። ካልተጣበቀና እጅሽ ላይ ዘይት ካልቀረ አንዱ ቅብ ደርቋል፤ ሌላ ጨምሪ። ሦስት አራት ቅብ ይበቃል። ጥሬው የተልባ ዘይት ሳምንት ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። የፈላ ተብሎ የሚሸጠው ፈጠን ይላል። ፀሐይ ላይ አታውጪው፣ ይሰነጠቃል። ጥላ ውስጥ፣ ሁለቱም ገጽ ነፋስ እንዲያገኝ በጎኑ አቁሚው። እንዳያንሸራትት ሰም የሚቀባ ከሆነ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከተቀባ ዘይቱ ከሥሩ አይደርቅም።